ከድንኳን እስከ ሶፍ ዑመር፦ የተረሳውን የቁልፍ ሙዚቃ ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1520 (በእኛ አቆጣጠር በ1512 ዓ.ም.) ምጽዋ ላይ ከወረዱት የፖርቱጋል መልእክተኞች መካከል ማኑኤል ዴ ማሬስ የሚባል ሰው ነበር። በዶም ሮድሪጎ ዴ ሊማ ይመራ የነበረው ይህ የልዑካን ቡድን ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ሐኪም፣ ሠዓሊና ቄስ የነበሩት ሲሆን፣ የማኑኤል ዴ ማሬስ የሥራ ድርሻ ግን ኦርጋን መጫወት ነበር። ለዐፄ ልብነ ድንግል ከቀረቡት ስጦታዎች ዝርዝር ውስጥም ከሰይፉ፣ ከጥሩሩ፣ ከመድፉና ከባሩዱ ጋር አንድ የዓለም ካርታና ኦርጋን ተጠቅሰው እናገኛለን። ይህን ያቆየልን የቡድኑ ቄስ የነበረውና ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀምጦ ያየውን የጻፈው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው።

አልቫሬዝ ሌላም ነገር ይነግረናል። ንጉሡ የእንግዶቹን ዘፈንና ጭፈራ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ፣ ፖርቱጋላውያኑ ይዘውት በመጡት ማኒኮርዲዮ ታጅበው ዘፍነዋል። ማኒኮርዲዮ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በፖርቱጋልና በስፔን ዛሬ ክላቪኮርድ የምንለውን መሣሪያ ይጠሩበት የነበረ ነው። ክላቪኮርድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል፣ ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍና ባለ ክር መሣሪያ ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር የቁልፍ ሙዚቃ የተሰማው ብዙዎቻችን እንደምንገምተው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመጣው ፒያኖ ጋር ሳይሆን፣ ከዚያ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ያ ሙዚቃ ምን ይመስል ነበር? የፊዚክስና የሥነ ምድር መምህራን የሆንን እኛ ጥቂት ባልደረቦች ይህን ጥያቄ ይዘን ከወረቀት ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ጎባ ድንኳን፣ ከድንኳኑም ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ያደረግነውን ጉዞ እናስቃኛችኋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሦስት ነገሮች በአንድ ዓመት

የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝበን የታተመው በ1540 ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሳደው በደብረ ዳሞ ያረፉትም በዚሁ በ1540 ነው። በዚያ ጦርነት ባሌን ጨምሮ ከግዛታቸው ሰፊው ክፍል ከእጃቸው ወጥቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ግምጃ ቤቶቹ ተቃጥለው ስለነበር፣ ኦርጋኑም ሆነ ማኒኮርዲዮው እስከ ዛሬ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። አልቫሬዝ ደግሞ ማየትና መስማቱን እንጂ የተዘፈነውን ዜማ አልጻፈልንም።

ሦስተኛው የ1540 ክንዋኔ ግን ፈላጊውን የሚያጽናና ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው በሊዝበን ከተማ፣ ጎንሳሎ ዴ ባዬና የተባለ የፖርቱጋል ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ የቁልፍ መሣሪያ መማሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ ለዘመናት ከእይታ ጠፍቶ ቆይቶ፣ ብቸኛው ቅጂ ማድሪድ ከሚገኘው የንጉሣውያን ቤተ መጻሕፍት ከተገኘ በኋላ በ1996 ቴስ ናይተን የተባለች ተመራማሪ ስለ ይዘቱ የመጀመሪያውን ዘገባ አቅርባለች። በውስጡ የኦኬኸም፣ የኦብረኽትና የጆስካን ድርሰቶች ለቁልፍ መሣሪያ ተስተካክለው ይገኛሉ። አጻጻፉም በመስመር ላይ የሚቀመጠው የዛሬው ኖታ ሳይሆን፣ ለቁልፎቹ በተሰጡ ፊደላት የተመሠረተ ነው። ማኑኤል ዴ ማሬስ በልብነ ድንግል ድንኳን የተጫወተው እነዚህኑ ነው ብለን አንናገርም፤ ይህ ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ቤተ መንግሥትና ከአንድ ትውልድ የወጣ፣ ለዚያው ዓይነት መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ በእጃችን አለ።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ልብነ ድንግልን በ1540 በተካው በልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ለቅዱስ ያሬድ ዜማ የድጓውን ምልክት እንደሠሩ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። ጦርነቱ ሊቃውንቱን ጨርሶ ቃል በቃል የሚወርሰውን ትምህርት ባናጋበት ወቅት ዜማውን በብራና ላይ ማስፈር ጊዜው የጠየቀው ሥራ ነበር። ድጓው ዛሬም ይዜማል፤ የማኒኮርዲዮው ዘፈን ግን የለም። ልዩነቱ በሙዚቃው ጥራት ሳይሆን በቀለምና በብራና የመጣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በእኛው ዘመንም ሆኗል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023) የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በ1960ዎቹ በጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው፣ ገቢውን ለበጎ አድራጎት አውለው ነበር። ሰፊው ዓለም ያወቃቸው ግን በ2006 በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሃያ አንደኛ ቅጽ ሥራቸው እንደገና ከወጣ በኋላ ነው። ሸክላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ሥራዎቻቸውን የሚጫወተው በጆሮ እየቀዳ ነበር። ማያ ዱኒየትስ የተባለች ፒያኒስት እማሆይ በሚኖሩበት በኢየሩሳሌም አግኝታቸው፣ በእጅ የተጻፉትን የኖታ ወረቀቶች ተቀብላ ካጠናች በኋላ ግን በ2013 የተመረጡ ድርሰቶች በመጽሐፍ ታተሙ፤ የሙዚቃ ዝግጅትም ተደረገ። የእማሆይ አጨዋወት ምቱ እንደ ቅኔ ዘራፊ እስትንፋስ የሚረዝምና የሚያጥር በመሆኑ ወረቀቱ ሁሉን አይናገርም፤ ሸክላውና ወረቀቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ለ1520ው ዘፈን ሸክላ የለንም። ያለን የባዬና ወረቀትና የፊዚክስ ሕግ ነው።

ማሲንቆና ክላቪኮርድ

በዘመኑ የነበረው መሣሪያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ቀኑ የታወቀው የመጀመሪያው ክላቪኮርድ በ1543 ዶሚኒኮ ዳ ፔዛሮ በተባለ ጣሊያናዊ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ይገኛል። የዛሬ ሠሪዎችም ይህን የመሰሉ ጥንታዊ መሣሪያዎችን እየለኩ ቅጂ ይሠራሉ።

የክላቪኮርድ አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከፒያኖ ይልቅ በማሲንቆ በኩል ቢገለጽ ይቀላል። የፒያኖ መዶሻ ክሩን መትቶ ወዲያው ይመለሳል፤ የክሩም ርዝመት ከሁለቱ ጫፎች አይለወጥም። የማሲንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን በክሩ ላይ በማሳረፍ የሚርገበገበውን ክፍል ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። በክላቪኮርድ ቁልፍ ጫፍ ላይ የተተከለች ትንሽ የናስ ምላስ የማሲንቆ ተጫዋቹን ጣት ሥራ ትሠራለች። ቁልፉ ሲጫን ምላሷ ከሥር ተነሥታ ክሩን ትመታለች፣ እንደመታችም እዚያው ትቆያለች፤ ጣት እስኪነሣ ድረስ የክሩ አንዱ ጫፍ እሷው ናት። ጣት ሲነሣ በክሩ ዳር የተጠላለፈው ጨርቅ ድምፁን ወዲያው ያጠፋዋል። ስለዚህም በአንድ ክር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎች ሊሠሩ ይችላሉ፤ ጣቱን አጥብቆ የሚጫን ተጫዋችም የክሩን ውጥረት ስለሚጨምር ድምፁን ሊያቀጥን፣ ሊያንቀጠቅጥም ይችላል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የድምፁ ማነስ ነው። ምላሷ ክሩን የምትመታው ርግብግቢቱ ምንም በማይንቀሳቀስበት ጫፍ ላይ በመሆኑ ወደ ክሩ የሚተላለፈው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢያወሩ ክላቪኮርዱን ይሸፍኑታል።

ለሙከራችን እውነተኛ ክላቪኮርድ አልነበረንም። የነበረን በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች የክርን ርግብግቢት የሚለኩበት ሶኖሜትር የተባለው የእንጨት ሣጥን ነው። በላዩ የናስ ሽቦ ወጥረን፣ ከሥሩ አራት የእንጨት ቁልፎች አበጀንለት፤ ለምላሶቹ ከአሮጌ የበር ቁልፍ ቤት የተቆረጠ ናስ ተጠቀምን። ኦርጋኑን ይወክልልን ዘንድም አንድ ዋሽንት ያዝን፤ የኦርጋን ቧንቧና ዋሽንት በውስጣቸው የሚርገበገበው አየር በመሆኑ ሕጋቸው አንድ ነውና።

ቆላና ደጋ ያጣላቸው ቅኝት

ማኑኤል ዴ ማሬስ መሣሪያዎቹን ይዞ ከምጽዋ ሐሩር ወደ ደጋው ሲወጣ ምን ገጠመው? አልቫሬዝ ባይነግረንም ፊዚክሱ ይነግረናል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን የናስ ሽቦ እስከ ተገቢው ቅኝት ለመወጠር ከተፈጥሯዊ ርዝመቱ በአምስት ሚሊ ሜትር ያህል መሳብ አለብን እንበል። ናስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ሽቦው በራሱ 0.19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ይህም ከአምስቱ ሚሊ ሜትር ላይ ተቀናሽ ነው። የሣጥኑ እንጨት በሙቀት እምብዛም ስለማይረዝም፣ የክሩ ውጥረት ከመቶ አራት ያህል እጅ ይቀንሳል። ድግግሞሹ የውጥረቱን ካሬ ሥር ስለሚከተል ቅነሳው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ይሆናል። አንድ ግማሽ ድምፅ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ልዩነት በመሆኑ፣ ክሩ በሲሶ ግማሽ ድምፅ ወፈረ ማለት ነው።

የኦርጋን ቧንቧ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በ0 ዲግሪ በሴኮንድ 331 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.6 ሜትር ይጨምራል። ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ስንሄድ ፍጥነቱ ከ337 ወደ 343 ያድጋል፤ የቧንቧው ድምፅም በዚያው መጠን፣ ማለትም ከሲሶ ግማሽ ድምፅ ትንሽ በሚያንስ ይቀጥናል። የደጋው አየር መሳሳት ግን ለውጥ አያመጣም፤ ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ የፍጥነቱ ጉዳይ በሙቀቱ ብቻ ይወሰናል። (ብዙ ተማሪዎቻችን በፈተና የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ በቅንፍ ሳይሆን በትልልቅ ፊደል ብንጽፈው ደስ ባለን።) ስለዚህ ምጽዋ ላይ የተስማሙ ክላቪኮርድና ኦርጋን ደጋ ሲደርሱ አንዱ ቀጥኖ ሌላው ወፍሮ ይገናኛሉ፤ ለ10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ በመካከላቸው ከግማሽ ድምፅ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይከፈታል። የዝናብ ወቅት እርጥበት እንጨቱን ሲያሳብጥ የሚያመጣው ተጨማሪ ለውጥ እዚህ አልተቆጠረም።

እኛ ጉዞውን በተገላቢጦሽ አደረግነው። ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ የስንዴና የገብስ አገር ናት፤ ሶፍ ዑመር ደግሞ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱበት ሞቃት ቆላ ነው። በማለዳ ሮቤ ላይ ሽቦውን ከዋሽንቱ ጋር አስማምተን፣ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልለን ተጓዝን። ከቀትር በኋላ ከመኪናው ስናወርደው ሽቦው ወፍሮ፣ ዋሽንቱም ቀጥኖ ነበር፤ አለመስማማታቸውን ለማወቅ መለኪያ አላስፈለገም። የዋሽንቱ ለውጥ ከስሌታችን ያነሰ መሰለን፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ሮቤም ሆነ ሶፍ ዑመር የሚነፋው ያንኑ የገዛ ሳምባውን ሙቅ አየር ነው። ከወናፍ የሚነፋ ኦርጋን ይህ ጠባቂ የለውም። የንጉሡ ሰፈር ከቦታ ቦታ ይዘዋወር በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የማኑኤል ዴ ማሬስ አብዛኛው ሥራ መጫወት ሳይሆን መቃኘት እንደነበር ለመገመት ደፍረናል።

ጨርቅና ድንጋይ

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እሱም ቤቱ ነው። ኦርጋን ያደገው በድንጋይ በተሠሩ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሲሆን፣ በስጦታ የመጣው ግን ቤተ መንግሥቱ የድንኳን ከተማ ለሆነ ንጉሥ ነበር። ይህ ልዩነት ምን ያህል ነው? በአስራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የሃርቫርዱ ዋላስ ሳባይን ያገኘው ቀመር ይህን ያሰላል፦ የድምፅ ቆይታ በሴኮንድ ማለት 0.161 ሲባዛ በክፍሉ ይዘት፣ ሲካፈል ለክፍሉ ድምፅ የመምጠጥ አቅም ነው።

ርዝመቱና ወርዱ አሥር አሥር ሜትር፣ ቁመቱ አራት ሜትር የሆነ ድንኳን እንውሰድ። ይዘቱ 400 ሜትር ኩብ፣ የገጾቹ ስፋት 360 ካሬ ሜትር ነው። ጨርቁ፣ ምንጣፉና ሰዉ ከሚደርስባቸው ድምፅ ከመቶ አርባውን ቢመጡ፣ የድምፁ ቆይታ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። አሁን ደግሞ 30 በ20 በ15 ሜትር የሆነ የኖራ ድንጋይ አዳራሽ እናስብ። ይዘቱ 9,000 ሜትር ኩብ፣ ገጹ 2,700 ካሬ ሜትር ነው። ድንጋዩ ከመቶ ሦስቱን ብቻ ቢመጥ ቆይታው ወደ 18 ሴኮንድ ይጠጋል። ነገር ግን አዳራሹ ወደ ሌሎች ዋሻዎች የሚከፈቱ በድምሩ 200 ካሬ ሜትር የሆኑ አፎች ካሉት፣ በእነዚያ የወጣ ድምፅ ስለማይመለስ ቆይታው ወደ 5 ሴኮንድ ይወርዳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን እውነተኛውን የልዩነት ስፋት ነው።

ድንኳኑን ያገኘነው ጎባ ከሚኖር ባልደረባችን ግቢ ነው፤ የእኅቱ ሠርግ አልፎ ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበር። በዚያ ውስጥ ሶኖሜትራችን ቢያንስም ጥርት ብሎ ተሰማ። አምስት ስድስት ሰው ሆነን ጠጋ ብለን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ስናዳምጠው እያንዳንዷ የሽቦ ድምፅ ለብቻዋ ትወጣለች፤ ዋሽንቱ ግን ድርቅ ብሎ፣ እንደ ተቆረጠ ገመድ ጫፍ የሌለው ሆነብን። አልቫሬዝ የሚነግረን ዘፈን በማኒኮርዲዮ የታጀበ መሆኑ ከዚያ በኋላ አላስገረመንም። ለድንኳን የሚስማማው ትንሹ መሣሪያ ነውና።

ለድንጋዩ ክፍል ሶፍ ዑመርን የመረጥነው በአካባቢያችን ከዚያ የሚበልጥ የድንጋይ አዳራሽ ስለሌለ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሟሟበት ውኃ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟና እየሸረሸረ የፈለፈለው ይህ ዋሻ፣ የእንግሊዝ አሳሾች በ1972 በለኩት መሠረት መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15.1 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በአገራችን የታወቀ ከዚህ የሚረዝም ዋሻ የለም። ከ2011 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንደ አካባቢው ትውፊት ሼህ ሶፍ ዑመር ከልብነ ድንግል ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው በዚህ ተጠልለው ይጸልዩ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ለዝያራ ይመጣል። ስለዚህ ከመግባታችን በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ፈቃድ ጠየቅን። የጸሎት ስፍራዎቹን ሁሉ እንደምናልፍ፣ ዘፈን እንደማንዘፍን፣ ድምፅ ብቻ እንደምንለካ ባስተርጓሚያችን በኩል ስናስረዳ፣ አንድ አዛውንት ሣጥኑን ከፍተን እንድናሳያቸው ጠየቁ። ቁልፉን አንዴ ጫን አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉና ፈገግ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚያችን፣ «ይቺ ወንዙን አታሸንፈውም ነው የሚሉት» አለን።

እውነታቸውን ነበር። መብራት በያዘ መሪ እየተመራን፣ ውኃውን እየተሻገርን ግዙፎቹ አምዶች ወደ ቆሙበት አዳራሽ ስንደርስ፣ የወንዙ ድምፅ ከጣሪያውና ከአምዶቹ እየተመለሰ ሁሉን ሞልቶት አገኘነው። ሶኖሜትራችንን ቁልፉን የሚጫነው ባልደረባችን እንኳ አልሰማውም። ቆይታውን የሚያስረዝመው ድንጋይ ለወንዙም ያው ነው፤ ደካማውን ድምፅ ብቻ መርጦ አያግዝም። ይህን በወረቀት ላይ ስናሰላ አንዳችንም አላሰብነውም ነበር፤ ስሌታችን ባዶና ጸጥ ያለ አዳራሽ ወስዶ ነበርና።

ከወንዙ ርቀን ደረቅ ወደ ሆነ አንድ የጎን መተላለፊያ ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። እጃችንን አንዴ ስናጨበጭብ ድምፁ እየደከመ ወደ ጨለማው ሄደ። ዋሽንቱ አራት ድምፆችን በተከታታይ ሲነፋ፣ የመጀመሪያው ሳይጠፋ አራተኛው ደርሶ አራቱም ባንድነት ቆሙ፤ ብቻውን የሚነፋ ሰው ከራሱ ጋር ማኅበር ሆነ። ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው አጨዋወቱን አዘገየ። ለድንጋይ ቤት የሚጻፍ ሙዚቃ ለምን ረጋ እንደሚል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም። ከዚያ ሶኖሜትሩን አስቀመጥነው። የናሷ ምላስ ሽቦውን ነካች፤ ድምፁ ወጣ፤ ጣት ሲነሣ ጨርቁ ወዲያው ዋጠው፤ ከዚያ በኋላ ግን በጣም ትንሽ የሆነ ቅሪት ከግድግዳው ተመለሰ። መስማታችንን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ደገምነው።

የባዬናን ድርሰቶች ዛሬ የሚጫወት ሙዚቀኛ የክላቪኮርዱን ድምፅ በማይክሮፎን ቢያጎላ ይህን እንደ ስሕተት አንቆጥረውም፤ ያለዚያ ከአንደኛው ረድፍ ወዲያ ያለ አዳማጭ ምንም አይሰማም። ሆኖም 1520ን ለመስማት የሚሻ ሰው ማይክሮፎኑን አጥፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ አዳማጮቹን ከአሥር ባላበለጠ ቢወስን ይሻለዋል እንላለን። የእኛ ሶኖሜትር አራት ቁልፍ ብቻ ስላለው ከባዬና መጽሐፍ ቀላሉን ባለ ሁለት ድምፅ ድርሰት እንኳ አይጫወትም። በቤተ ሙከራችን አሁን የሃያ አራት ቁልፍ ልኬት ተሥሎ፣ ለሣጥኑ የሚሆን የወይራና የጽድ እንጨት ጥላ ሥር እየደረቀ ነው። አራት ቁልፍ ያለው አሮጌው ሣጥን ከሶፍ ዑመር እንደተመለሰ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ማለዳ ማለዳ በሮቤ ብርድ ቀጥኖ፣ ቀትር ላይ ወፍሮ እናገኘዋለን።